ያልተመዘገበ ዕቃ አይጠፋም

በ2020 ኢታይ ግራዴል የተባሉ ዴንማርካዊ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ኢቤይ ላይ ለሽያጭ የተለጠፈ አንድ ፎቶ ሲያዩ ክው አሉ። በሮማ ዘመን የተቀረጸ የከበረ ድንጋይ ስባሪ ነው። ድንጋዩን ያውቁታል፤ የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ነው። ከዚያው ሻጭ ቀደም ሲል የገዟቸውንም እያወጡ ማመሳከር ያዙ። በ2021 መጀመሪያ ላይ የደረሱበትን ለሙዚየሙ ጻፉ። ከወራት በኋላ የመጣላቸው መልስ ዕቃዎቹ በሙሉ አሉ፣ የጎደለ የለም የሚል ነበር።

በኦገስት 2023 ሙዚየሙ ራሱ መሰረቁን ይፋ አደረገ። ዳይሬክተሩ ሃርትዊግ ፊሸር በዚያው ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው የገለልተኛ ግምገማ ውጤት የደረሰውን ጉዳት ወደ 2,000 ዕቃ አስጠጋው። 1,500 ያህሉ ጠፍተዋል ወይም ተሰርቀዋል። 350 ከሚሆኑት ላይ እንደ ወርቅ ማቀፊያ ያለው ክፍላቸው ተነቅሎ ተወስዷል። 140 ያህሉ ደግሞ በመሣሪያ ተጭረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው። ይህችን ቅንፍ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።)

ብሪቲሽ ሙዚየም ዘበኛም ካሜራም አላነሰውም። ያነሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ከጠፉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ጨርሶ ያልተመዘገቡ ወይም ምዝገባቸው በከፊል የቀረ ነበሩ። መኖሩን የሚናገር መዝገብ የሌለው ዕቃ መጉደሉ በምን ይታወቃል? ቆጣሪው ቢመጣ የሚቆጥረው የተጻፈውን ነው። ለዚህም ነው «የጎደለ የለም» የሚል መልስ፣ በመዝገብ ዓይን ካየነው፣ ውሸት ላይሆን የሚችለው። ብዙው ዕቃ ከመሰረቁ በፊትም በመዝገቡ ላይ በወጉ አልነበረማ።

ችግሩ ዕቃው ከተገኘም በኋላ አይለቅም። እስከ ሜይ 2024 ድረስ 626 ዕቃዎች ተመልሰዋል፤ ሆኖም ፎቶ የሌለውን፣ መጠኑና ክብደቱ ያልተጻፈውን አንድ ቀይ ድንጋይ ከገዥው እጅ ለማስመለስ መጀመሪያ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ ማስረዳት ይጠይቃል። ሙዚየሙ በኦክቶበር 2023 ያወጣው ዕቅድም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ስብስቡን በሙሉ በዲጂታል መዝገብ ማስገባት። ሊጫን ወይም ሊሻሻል የሚገባው መዝገብ 2.4 ሚሊዮን፣ የተገመተው ወጪ 10 ሚሊዮን ፓውንድ። በ1753 የተመሠረተ ተቋም የቤቱን ዕቃ ቆጥሮ ለመጨረስ ከ270 ዓመት በኋላ ጊዜና ገንዘብ ሲጠይቅ ማየት ለእኛ አገር የቅርስ ባለሙያ ትንሽ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

ለመሆኑ መዝገብ የሚባለው ምንድን ነው? መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መልሱን በግማሽ ያውቀዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይፈረማል። የሙዚየም ምዝገባ የዚህ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ንብረት ክፍል «ወንበር፣ ብዛት 12» ብሎ ቢያልፍ ማንም አይጎዳም፤ አንዱ ወንበር የሌላው ምትክ ነው። ሙዚየም ግን «ጀበና፣ ብዛት 12» ብሎ ከጻፈ አሥራ ሁለቱንም እንዳልመዘገበ ይቆጠራል። አንዱ አጭበርባሪ የሸክላውን ጀበና ወስዶ ከገበያ በገዛው ቢተካው ብዛቱ ያው 12 ነው።

እስቲ ያንን ጀበና እንመዝግበው። በ2016 አንዲት እናት ከቤታቸው ሦስት ዕቃ ለሙዚየም ሰጡ እንበል፤ አንድ ሞሰብ፣ አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ጀበና። የእሳቸው ስጦታ በዚያ ዓመት ከገቡት 14ኛው ከሆነ የጀበናው ቁጥር 2016.14.3 ይሆናል። ዓመቱ፣ የስጦታው ተራ፣ የዕቃው ተራ፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። ጀበናው ውታፍና ማቶት ካለው ደግሞ 2016.14.3ሀ፣ 3ለ፣ 3ሐ እየተባለ ይከፈላል። ውታፍ ምን ቁጥር ያስፈልገዋል የሚል ይኖራል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ የሚጻፈው ጀበናው ግርጌ ላይ፣ ቆሞ ሲታይ በማይታይበት ስፍራ ነው። መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ ስስ አድርጎ መቀባት፤ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥሩን መጻፍ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ጊዜ መቀባት። ነገ ቁጥሩ ቢሳሳት በአሴቶን ተጠርጎ ይለቃል፤ ሸክላውን ቀለም አይነካውም። ለጥበብ ልብስ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ ጠርዙ ላይ ይሰፋል። ለብራና መጽሐፍ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ማርከርና ፕላስተር በዚህ ቤት ቦታ የላቸውም፤ ፕላስተሩ ወይ ይረግፋል ወይ የዕቃውን ቆዳ ይዞ ይላቀቃል።

ቁጥሩ ራሱ ብዙ እንዲናገር አይጠበቅበትም። የዕቃውን ዓይነት ወይም መደርደሪያውን በቁጥሩ ውስጥ ለማስገባት የሚሞክሩ አሉ፤ «ጀ-ክፍል2-መ4» ዓይነት። ጀበናው ወደ ክፍል 3 የተዛወረ ዕለት ቁጥሩ መዋሸት ይጀምራል። የማይለወጠው የመጣበት ቀን ብቻ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየምም የሚጠቀመው በዚሁ ነው፤ ዓመት፣ ወርና ቀን፣ ተራ። መቅደላ የወደቀው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በእነሱ አፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በዚያ ሙዚየም ካሉት ዕቃዎች የአንዳንዶቹ ቁጥር 1868,1001 ብሎ ይጀምራል፤ በ1868 ኦክቶበር 1 ቀን መዝገብ ገቡ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለው ቁጥር ሳይወድ ምስክር ይሆናል።

የአጥንት ቅሪቶች ግን ሌላ ባህል አላቸው። ድንቅነሽ በመዝገብ ኤ.ኤል. 288-1 ናት፤ «ኤ.ኤል.» አፋር ውስጥ ያለን ሥፍራ ያመለክታል፣ 288 የሥፍራው ቁጥር ነው፣ 1 ደግሞ ከዚያ ሥፍራ የመጀመሪያዋ ግኝት መሆኗን ይነግራል። እዚህ ቁጥሩ ከመገኛው ጋር የተጋባው ሆን ተብሎ ነው፤ የተገኘበት ሥፍራ ያልታወቀ ቅሪተ አካል ለሳይንስ ያለው ዋጋ እጅግ ያንሳል። ሰላም የተባለችው ሌላዋ ቅሪተ አካል ዲክ-1-1 መባሏም ከተገኘችበት ከዲኪካ ነው።

ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ የሚሞሉት ዓምዶች ብዙ ናቸው፤ ስም፣ ቁሳቁስ፣ መጠን፣ የሰጠው ሰው፣ ያለበት ሁኔታ፣ ፎቶ። በእንግሊዝ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበት ስፔክትረም የተባለው ደንብ ለዚህ ሁሉ ሥርዓት አበጅቷል። ከሁሉም ግን ሁለት ዓምዶች ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ «አሁን የት ነው?» እና «ማን አንቀሳቀሰው?»

የቦታ ዓምድ በየሙዚየሙ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው፣ ከሁሉ ይልቅም የሚሳሳተው ነው። ጀበናው ለፎቶ ይወጣል፣ ፎቶ አንሺው ጠረጴዛ ላይ ያድራል፣ በማግስቱ ቅርብ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ማንም አልሰረቀውም። ግን መዝገቡ «መደርደሪያ 4» ይላል፣ ጀበናው መደርደሪያ 9 ላይ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው «ጠፍቷል» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ያረጀና ርካሽ ነው፤ ዕቃ ሲነሳ በቦታው ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑና የወሳጁ ስም የተጻፈበት ካርድ ይቀራል። ባርኮዱም ስካነሩም የዚያ ካርድ የልጅ ልጆች ናቸው። መዝገቡ ደግሞ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ የዕቃውን ቋሚ ቤትና ዛሬ ያደረበትን።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ ዲጂታል መዝገብ ከወረቀቱ የሚያንስበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። በወረቀት ባሕር መዝገብ ላይ ያለን ጽሑፍ የፋቀ ሰው ፍቆ መሄዱ ይታያል፤ ወረቀቱ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይለያል፣ ገጽ ቢገነጠል ቁጥሩ ይዘላል። ኤክሴል ላይ አንድ ሕዋስ ውስጥ ያለውን አጥፍቶ ሌላ መጻፍ ግን ምንም ጠባሳ አይተውም። ስለዚህ ለሙዚየም የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሮጌውን ጽሑፍ አያጠፉትም፤ ከሥር ያቆዩትና ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደለወጠው ይመዘግባሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም በ2024 ለፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ ላይ መዝገብም ተነካክቷል የሚል አለበት፤ የቀድሞ ሠራተኛው የተባለውን አልፈጸምኩም ይላሉ። የፍርዱ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ዕቃ የሚያወጣውና መዝገብ የሚያርመው እጅ አንድ ከሆነ ቁጥጥር አለ ማለት አይቻልም። የእኛ የሒሳብ ደንብ ገንዘብ ያዡንና ሒሳብ ሹሙን የሚለያየው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሥርዓት ነው የሚል ካለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ልውሰደው። የብዙ አድባራትና ገዳማት ወንጌል በመጀመሪያና በመጨረሻ ቅጠሎቹ ላይ ከቅዱሱ ንባብ ሌላ ጽሑፍ ይዟል፤ የመሬት ስጦታ፣ ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር። ይህን ያህል መስቀል፣ ይህን ያህል ጽና፣ ይህን ያህል መጽሐፍ፤ ማን እንደሰጠው፣ በማን አለቅነት እንደተቆጠረ። ዝርዝሩ ወንጌል ላይ የተጻፈበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንጌል አይጣልም፣ አይሸጥም፣ የሰረቀውና የፋቀውም ውግዘት አለበት። ዛሬ መዝገብ እንዳይነካካ በይለፍ ቃል የምናጥረው ያኔ በግዝት ታጥሮ ነበር ማለት ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው ሲለወጥ የሚደረገው ርክክብም ያው ቆጠራ ነው።

የዚህ ሥርዓት ድካሙ ግን የታወቀ ነው። ዝርዝሩ ያለው ከዕቃው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሳትም ሌባም ሁለቱን በአንድ ላይ ይወስዳል። «መስቀል ዘብርት 1» የሚል መስመርም መስቀሉን ከሌላ መስቀል አይለይም። በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ በ2001 ከቤልጂየም ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በመልኩ የሚታወቅ መስቀል ነበርና። በመልክ የማይታወቁት ግን ብዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሚያስተዋውቀው፣ በ1997 የወጣው «ኦብጀክት አይዲ» የተባለው አጭር ቅጽ ስለዚህ ከሁሉ አብልጦ የሚጠይቀው ጉድለትን ነው። ጭረት አለው? የተበየደበት ቦታ? የተሰበረ ጫፍ? ቆንጆ ፎቶ ለፖስትካርድ ይሆናል፤ ፖሊስን የሚረዳው የጠባሳው ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ «ዲጂታል አድርገነዋል» የሚለውን ቃል ትንሽ ልጠርጥረው። በአገራችን ስለ ብራና መጻሕፍት ሲወራ ብዙ ጊዜ ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ አንድ ተደርገው ይታያሉ። ከ1973 ጀምሮ የተካሄደው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.» የሚባለው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አንሥቷል። ፊልሞቹ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ አብዛኛውን የካታሎግ ሥራ የተሸከሙት ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ያ ሥራ ባይኖር የኢትዮጵያ ጥናት ዛሬ ያለበት አይደርስም ነበር። ነገር ግን የዓለም ምሁር ሁሉ የሚጠቅሰው የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥር የፊልሙ ቁጥር ነው። መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር ቢዛወር፣ ቢታደስ፣ ቢሰረቅ፣ ፊልሙ አይሰማም። ምስሉን ኮሌጅቪል ሆኖ እያነበበ መጽሐፉ ዛሬ በየትኛው ሣጥን እንዳለ የሚነግረው ያጣ ተመራማሪ ሊኖር ይችላል። ምስል የትናንትን ይናገራል፤ «አሁን የት ነው?» የሚለውን ዓምድ የሚሞላው ሳጥኑን ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች ቅንፍ። የእኛ ሙዚየም የዲጂታል መዝገብ ሲገዛ ወይም በነፃ ሲያወርድ የሚገጥመው ችግር ለንደን ውስጥ አይታወቅም፤ ዘመን ነው። ከአንድ አሮጌ ካርድ ላይ «1966» የሚል አገኘን እንበል። ዓ.ም. ከሆነ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሆነ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ናቸው። ስጦታው ስጦታ ነበር ወይስ ውርስ የሚለው ክርክር በዚህ ልዩነት ሊቆም ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ የከፋ ግን ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ የሚሠራው ስህተት ነው። መዝጋቢዋ የካቲት 30 ቀንን 30/06/1966 ብላ ትጽፋለች፤ ማሽኑ ጁን 30 ብሎ ያነበዋል፣ ደስ ብሎትም ይቀበላል። ጳጉሜን 3ን በ13ኛ ወርነት ስታስገባ ብቻ አልቀበልም ይላል። የሚያስቆጣው ስህተት የሚታየው ነው፤ አደገኛው ግን ያ የተቀበለው ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ከሶፍትዌሩ ጋር አይመጣም፤ በዋናው ሰነድ ላይ የተጻፈው ቀን እንዳለ በፊደል የሚሰፍርበት አንድ ዓምድ፣ የተለወጠው ቀን ሌላ ዓምድ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ስም ሦስተኛ።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። «ሥዕል» ብለው የፈለጉ «ስዕል»፣ «ሥእል»፣ «ስእል» ተብለው የተመዘገቡትን አያገኙም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለማሽኑ እንደ «በ» እና «ገ» የተለያዩ ናቸው። ፀሐይን በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። መዝጋቢውን አንድ አጻጻፍ ብቻ ተከተል ማለት አንድ መፍትሔ ነው፤ ግን በብራናው ላይ የተጻፈውን ማረም ማንም መብት የለውም። የሚሻለው የታየው እንደታየ ይጻፍና ማሽኑ ከጀርባ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አሳጥሮ የሚፈልግበት ድብቅ ዓምድ ይኑረው። ለፕሮግራመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስምም አለ። የውጭ ዳታቤዝ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ጌታቸው ኃይሌ በአንዱ ካታሎግ በ«ጌ»፣ በሌላው በ«ኃ» ሥር ይገባሉ፤ በ«ኃ» ሥር ያለው የአባታቸው ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ መቅደላና አምባ ማርያም በላቲን ፊደል ስንት መልክ እንዳላቸው ደግሞ የውጭ ሙዚየሞችን ድረ ገጽ በርብሮ ቅርስ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። በአንዱ አጻጻፍ ፈልጎ ሁለት ዕቃ ያገኘ፣ በሌላው ሃያ ያገኛል።

ሌላም ነገር መጥቷል። ዲጂታሉ ቅጂ ራሱ ጠባቂ የሚፈልግ ዕቃ ሆኗል። ድንቅነሽ ለኤግዚቢሽን አሜሪካ በነበረችበት ወቅት፣ በ2008፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀን በሲቲ ስካን ተነሥታ 35,000 ገደማ ምስል ወጣላት። በ2016 ከዚያ የተሠሩ የትከሻዋ፣ የክንዷና የጉልበቷ ባለ ሦስት ገጽታ ፋይሎች በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ይፋ ሆኑ፤ ማንም አውርዶ ማተም ይችላል። ለትምህርት ታላቅ ነገር ነው። ለመዝጋቢ ግን አዲስ ጥያቄ ያመጣል። 35,000ዎቹ ምስሎች ቁጥር አላቸው? ቅጂያቸው የት የት አለ? ማን ፈቅዶ ለማን ሰጠ? አጥንቶቹ በ2013 ከአሜሪካ ሲመለሱ፣ ከፊሎቹም በ2025 ፕራግ ለእይታ ሲወጡ፣ ዕቃው ሲሄድና ሲመጣ እያንዳንዱ ስንጥቅ በጽሑፍና በፎቶ ይመሳከራል፤ የሙያው ደንብ ነው። ፋይል ግን ሲወጣ ሞዴል 22 አይቆረጥለትም፤ ቢወጣም እዚያው ይቀራልና መውጣቱ አያስታውቅም።

ፋይል ደግሞ እንደ ብራና ታጋሽ አይደለም። በኦክቶበር 2023 መጨረሻ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተመታ። ገንዘብ አልከፍልም በማለቱ 600 ጊጋባይት የሚሆን መረጃው ተበተነበት፤ ካታሎጉ ለንባብ ብቻ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 አጋማሽ ነው፣ ዲጂታል የሆኑት ብራናዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ተሰወሩ። ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የኢትዮጵያ ብራናዎች ያሉት እዚያ ነው። መጻሕፍቱን ማንም አልነካቸውም፤ መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ። ዓለሙ ሁሉ ግን አጣቸው፤ መንገዱ መዝገቡ ነበርና። ባለሙያዎች ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይላሉ፤ በሁለት የተለያየ ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሌላው በራቀ ከተማ። አንዱ ደግሞ ከኢንተርኔት የተነጠለ ቢሆን። በዓመት አንድ ጊዜም ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ አስልቶ ካለፈው ዓመት ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልላ «የቅርስ ፎቶዎች» የሚል የተለጠፈባት አንድ ሃርድ ዲስክ ይህን ፈተና አልፋ እንደማታውቅ መገመት ከባድ አይደለም።

ሁሉም ይታይ ማለቴ ግን አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሥራ አንድ ታቦታት አሉ። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናት በቀር ማንም አያያቸውም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ቢሆኑ። በዲጂታሉ መዝገብ ላይ ሌላው ዕቃ ፎቶ ባለበት ቦታ እነሱ ባዶ ናቸው። ምዝገባ ማለት ማሳየት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ መስመሩ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ምስሉ የለም፣ ይህም ትክክል ነው። (ካህን እንጂ ማንም የማያየውን ነገር ለንደን አስቀምጦ የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ መልሱ አይጠፋኝም።)

መስመሩ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ኤድንብራ ላይ ታይቷል። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በከተማይቱ የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ለዘመናት ተረስቶ ኖሮ፣ በ2001 ኢትዮጵያን የሚያውቁ አንድ ካህን ሣጥኑን ሲከፍቱ አዩት። ምን እንደሆነ ገባቸው። በ2002 አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ያንን ሣጥን የከፈቱት ታቦት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዛሬም እዚያው በነበረ።

የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም.፣ ቅርስ እንዲመዘገብ ካዘዘ ዓመታት አልፈዋል። የአንድ ወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ ደብር ሙዚየም ለዚህ ውድ ሶፍትዌር እስኪገዛለት መጠበቅ የለበትም። ነፃ የሆኑ አሉ፤ እነሱም ቢያስቸግሩ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ቁጥር፣ ስም፣ መጠን፣ ጠባሳ፣ የመጣበት፣ አሁን ያለበት፣ ያየው ሰውና ያየበት ቀን። በወር አንድ ጊዜ ታትሞ፣ ገጹ ተቆጥሮ፣ በሁለት ሰው ተፈርሞ ፋይል ይደረግ፤ ኤክሴል የማይተወውን ጠባሳ ወረቀቱ ይተዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመዝገቡ ላይ ዓይን ጨፍኖ አሥር ቁጥር መምረጥና ዕቃዎቹን መደርደሪያ ላይ መፈለግ። ይህን ብዙዎች ያደርጉታል። ብሪቲሽ ሙዚየምም «ሁሉም አለ» ሲል ከመዝገብ ተነሥቶ ይሆናል። የሚዘለው ተቃራኒው ነው፤ ከመደርደሪያው ላይ አሥር ዕቃ አንስቶ፣ ገልብጦ ግርጌውን አይቶ፣ መዝገቡ ላይ መፈለግ። ሦስቱ ቁጥር የላቸውም እንበል። ሰባቱን ወደ ቦታቸው መልሱና ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ አቆዩአቸው፤ ፓራሎይዱን ክፈቱ።